አንድ የስፓኒሽ ግስ ከሥሩ እስከ ጫፉ፦ «አብላር»ን በአማርኛ ጆሮ ማርባት

ነገሩ የሆነው ሳህን ከማጠብ ሽንኩርት ወደ መክተፍ «ባደግኩበት» ሰሞን ነው። ከዋሽንግተን ወጣ ብሎ ባለ አንድ ምግብ ቤት፣ ከእኔ በስተቀር ወጥ ቤቱ በሙሉ የኤል ሳልቫዶር ሰው ነበር። ስለ ፈረቃ ለውጥ ጭቅጭቅ ተነሥቶ፣ አጠገቤ የሚከትፈው ልጅ ምን እንደተደረገ ጠየቀኝ። «እሱ ከአለቃው ጋር ተነጋግሯል» ልለው ፈልጌ «አብሎ ኮን ኤል ኼፌ» አልኩት። ልጁ ቢላዋውን አስቀምጦ አፈጠጠብኝ። ለካ ያልኩት «ከአለቃው ጋር እነጋገራለሁ» ነው፤ ሊያሳጣኝ ነው ብሎ ነው የደነገጠው። አንድም ፊደል አልሳትኩም። የሳትኩት ድምፁ የሚጫንበትን ቦታ ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ የእንግሊዝኛውን የሰዋስው መጽሐፍ ዘግቼ ግሱን ከአማርኛ ጋር እያስተያየሁ ማርባት ጀመርኩ። ግስ ላይ ስፓኒሽ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል፤ ከታች የማሳያችሁም ይህንኑ መንገድ ነው። የምናረባው «አብላር»ን ነው፣ መናገር ማለት ነው። ሕጉን የማይጥስ ግስ ስለሆነ እሱን ያወቀ ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩትን አወቀ።

ከመጀመራችን በፊት ስለ አጻጻፉ

የስፓኒሹን ቃል ሁሉ በፊደላችን ነው የምጽፈው። ስፓኒሾች አናባቢ ላይ ጭረት የሚያደርጉባቸው ቃላት አሉ፤ ጭረቱ «እዚህ ላይ ተጫን» ማለት ነው። እኔም ከሚጫነው ፊደል ቀጥሎ ይህችን ምልክት (´) አደርጋለሁ። ምልክት የሌለው ቃል በአናባቢ፣ በ«ን» ወይም በ«ስ» ካለቀ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ይጫናል፤ በሌላ ተነባቢ ካለቀ የመጨረሻው። ስለዚህ «አብሎ» ሲሆን «አብ» ላይ፣ «አብላር» ሲሆን «ላር» ላይ እንጫናለን።

ነገሩ እንግዳ ከመሰላችሁ «ገና»ን አስቡ። አጥብቀን ስንለው በዓሉ፣ አላልተን ስንለው «ገና አልመጣም» ይሆናል። እኛ ልዩነቱን አንጽፈውም፤ እነሱ ቢያንስ ይጽፉታል።

1. ግሱን ቁረጡ

የስፓኒሽ ግስ በመዝገበ ቃላት ውስጥ የሚገኘው በንኡስ አንቀጹ ነው፤ የእኛ «መናገር»፣ «መብላት» እንደማለት። መጨረሻው ከሦስት አንዱ ነው፦ «አር»፣ «ኤር» ወይም «ኢር»። ከየቤቱ አንድ አንድ እንያዝ፦ አብላር (መናገር)፣ ኮሜር (መብላት)፣ ቢቢር (መኖር)። ብዙው ግስ የ«አር» ቤት ነው፤ አዲስ የሚፈጠሩትም አብዛኛውን ጊዜ ወደዚያው ይገባሉ።

መጨረሻውን ስትቆርጡ የሚቀረው ሥር በሳድስ ያልቃል፦ አብል፣ ኮም፣ ቢብ። እዚህ ላይ ሀ ሁ ሂ የቆጠረ ሰው ይጠቀማል። የስፓኒሽ እርባታ ከሞላ ጎደል ያንን ሳድስ ወደ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ ወይም ሳብዕ መቀየር ነው። ል ወደ ሎ፣ ል ወደ ላ፣ ል ወደ ሌ።

2. ማን እንደሚናገር ለዩ

«እኔ እሄዳለሁ» እና «እሄዳለሁ» ለእኛ አንድ አይደሉም። «እኔ»ን የምንጨምረው ለማጥበቅ ነው፤ ግሱ ራሱ ባለቤቱን ይናገራልና። ስፓኒሽም እንዲሁ ነው። «ዮ አብሎ» እያሉ ዓረፍተ ነገሩን ሁሉ በ«ዮ» መጀመር የእንግሊዝኛ ልማድ ነው፤ «አብሎ» ይበቃል።

መደቦቹ ስድስት ናቸው፦ እኔ (ዮ)፣ አንተ ወይም አንቺ (ቱ)፣ እሱ ወይም እሷ (ኤል፣ ኤያ)፣ እኛ (ኖሶትሮስ)፣ እናንተ (ቦሶትሮስ)፣ እነሱ (ኤዮስ)። ግሱ ላይ ጾታ የለም፤ ለ«ተናገርክ» እና ለ«ተናገርሽ» አንድ ቅርጽ ነው ያለው። እፎይ በሉ።

አክብሮትስ? እኛ «እርስዎ ይናገራሉ» ስንል ቅርጹን ከ«እነሱ» ተውሰን ነው። እነሱ ደግሞ «ኡስቴድ» (እርስዎ) ሲሉ ከ«እሱ» ይዋሳሉ፤ «ኡስቴዴስ» ሲሉ ከ«እነሱ»። ቦሶትሮስ የሚባለው ስፔን ውስጥ ነው። በላቲን አሜሪካ «እናንተ» ለወዳጅም ለእንግዳም «ኡስቴዴስ» ነው፤ ኩባ ተምረው የመጡ የአገራችን ሰዎች ቦሶትሮስን ሲረሱት የምታዩት ለዚህ ነው። የእኔ ሳልቫዶሮች ደግሞ በ«ቱ» ፈንታ «ቦስ» ነበር የሚሉኝ፤ «ቦስ አብላ´ስ»፣ መጨረሻው ተጭኖ። አርጀንቲናም እንዲሁ ነው። ብትሰሙት አትደንግጡ፣ ስሕተት አይደለም።

3. የአሁን ጊዜ

አብሎ (እናገራለሁ)፣ አብላስ፣ አብላ፣ አብላሞስ፣ አብላ´ይስ፣ አብላን።

ከመጀመሪያው በቀር ሁሉም ራብዕ ነው። የኮሜር ቤት ራብዑን በኃምስ ይተካል፦ ኮሞ፣ ኮሜስ፣ ኮሜ፣ ኮሜሞስ፣ ኮሜ´ይስ፣ ኮሜን። ቢቢርም እንደ ኮሜር ነው፤ የሚለየው በ«እኛ» እና በ«እናንተ» ብቻ ነው፦ ቢቦ፣ ቢቤስ፣ ቢቤ፣ ቢቢሞስ፣ ቢቢ´ስ፣ ቢቤን።

(በነገራችን ላይ አንድ ሰው «አብላ!» ቢላችሁ ጉርሻ እየጠየቀ አይደለም። «ተናገር!» ነው የሚለው።)

4. ኃላፊው ሁለት ነው

እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተማሪ ራሱን የሚይዘው እዚህ ነው፤ እኛ ግን ልዩነቱን ከእናታችን ጋር ተምረነዋል። «ተናገረ» አንድ ነገር ነው፣ «ይናገር ነበር» ሌላ።

ለ«ተናገረ»፦ አብሌ´ (ተናገርኩ)፣ አብላስቴ፣ አብሎ´፣ አብላሞስ፣ አብላስቴይስ፣ አብላሮን።

ለ«ይናገር ነበር»፦ አብላባ፣ አብላባስ፣ አብላባ፣ አብላ´ባሞስ፣ አብላባይስ፣ አብላባን።

«አዬር አብሌ´ ኮን ሚ ማማ´»፣ ትናንት ከእናቴ ጋር ተነጋገርኩ። ተነገረ፣ አለቀ። «ደ ኒኞ ሶሎ አብላባ አማ´ሪኮ»፣ ልጅ ሳለሁ አማርኛ ብቻ እናገር ነበር። ይህ ልማድ ነው፣ ጫፍ የለውም። ለ«እየተናገረ ነበር»ም «አብላባ» ያገለግላል። በ«አብላባ» እኔ እና እሱ አንድ ቅርጽ ስላላቸው፣ ሊምታታ ከቻለ «ዮ» ማለት የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

የሌሎቹ ሁለት ቤቶች ኃላፊ አንድ ዓይነት ነው፣ በሣልስ ይጀምራል፦ ኮሚ´፣ ኮሚስቴ፣ ኮሚዮ´፣ ኮሚሞስ፣ ኮሚስቴይስ፣ ኮሚዬሮን። የ«ይበላ ነበር» ደግሞ፦ ኮሚ´ያ፣ ኮሚ´ያስ፣ ኮሚ´ያ፣ ኮሚ´ያሞስ፣ ኮሚ´ያይስ፣ ኮሚ´ያን። ቢቢርንም እንዲሁ።

«አብላሞስ» በአሁንም በኃላፊም መምጣቱን አይታችኋል። «ቢቢሞስ»ም እንዲሁ ነው። «አዬር» (ትናንት) ወይም «ኦይ» (ዛሬ) የሚል ቃል ይለየዋል፤ ሌላ መላ የለውም።

አሁን ወደ ቢላዋው እንመለስ። እነዚህን ጥንዶች ጮክ ብላችሁ በሉ፦

አብሎ (እናገራለሁ) እና አብሎ´ (ተናገረ)
አብሌ (ይናገር) እና አብሌ´ (ተናገርኩ)
አብላራ (ቢናገር) እና አብላራ´ (ይናገራል፣ ወደፊት)

አማርኛ ቃሉን እኩል አድርጎ ስለሚያስኬደው ጆሯችን ይህን አይይዝም። እኔ የሚጫነው ላይ ጠረጴዛውን በጣቴ እየመታሁ ነው የተለማመድኩት። ለሁለት ሳምንት ያህል የቤት ሰው እብድ መሰለኝ ብሎ ነበር፤ ግን ሠርቷል። ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ ትወስዱ ከሆነ ጣቱን ውሰዱ።

5. የወደፊቱ፣ እና የ«ነበር» ምሥጢር

«እናገራለሁ» የሚለውን ቃል ፈታ አድርጉት፦ እናገር + አለሁ። ስፓኒሽም የወደፊት ጊዜውን የሠራው እንዲሁ ረዳት ግስ ከኋላ በማጣበቅ ነው። ረዳቱ «አቤር» ይባላል። የአሁን ጊዜው ኤ፣ አስ፣ አ፣ ኤሞስ፣ አቤ´ይስ፣ አን ነው። ሳትቆርጡ፣ ከነ«አር»ው፣ ግሱ ላይ ለጥፉት፦

አብላር + ኤ = አብላሬ´
አብላር + አስ = አብላራ´ስ
አብላር + አ = አብላራ´
አብላር + ኤሞስ = አብላሬሞስ
አብላር + (አብ)ኤይስ = አብላሬ´ይስ
አብላር + አን = አብላራ´ን

ሦስቱም ቤቶች ይህንኑ ይጠቀማሉ፦ ኮሜሬ´፣ ቢቢሬ´።

ቀጥሎ የሚመጣው በጣም የምወደው ነው። እኛ «እናገራለሁ»ን ወደ «ብችል እናገር ነበር» ስንቀይር «አለሁ»ን አንሥተን «ነበር»ን እንተካለን። እነሱም ረዳቱን ወደ ኃላፊ ይቀይሩታል። የአቤር ኃላፊ «አቢ´ያ» ነው፤ «አብ» ይወድቅና «ኢ´ያ» ይቀራል፦ አብላሪ´ያ፣ አብላሪ´ያስ፣ አብላሪ´ያ፣ አብላሪ´ያሞስ፣ አብላሪ´ያይስ፣ አብላሪ´ያን። ሁለት የማይዛመዱ ቋንቋዎች አንድ መላ መቱ።

ወጥመዱም እዚሁ ነው። አማርኛ «እናገር ነበር»ን ለሁለት ሥራ ያውለዋል። «ልጅ ሳለሁ እናገር ነበር» ሲሆን አብላባ ነው፤ «ብችል እናገር ነበር» ሲሆን አብላሪ´ያ። ከአፋችሁ «ነበር» ሲወጣ ቆም በሉና «ሆኗል ወይስ አልሆነም?» ብላችሁ ጠይቁ። ከሆነ «ባ»፣ ካልሆነ «ሪ´ያ»።

በወሬ ላይ ግን ሰው አብላሬ´ን ብዙ አይልም። «ቦይ አ አብላር» ይላል፣ ልናገር ነው እንደማለት። ለዚህ የሚያስፈልገው ቦይ፣ ባስ፣ ባ፣ ባሞስ፣ ባይስ፣ ባን እና ያልተነካ ግስ ብቻ ነው። ወጥ ቤት ውስጥ የምሰማው በአብዛኛው ይህን ነበር።

6. ጥንዶቹ ጊዜያት

«ተናግሬያለሁ» እንዲሁ ተናግሬ + አለሁ ነው። ስፓኒሹ ረዳቱን ከፊት ያደርጋል፦ ኤ አብላዶ፣ አስ አብላዶ፣ አ አብላዶ፣ ኤሞስ አብላዶ፣ አቤ´ይስ አብላዶ፣ አን አብላዶ። ለ«ተናግሬ ነበር»፦ አቢ´ያ አብላዶ፣ አቢ´ያስ አብላዶ፣ እያለ ይቀጥላል። ኮሜር «ኮሚዶ»፣ ቢቢር «ቢቢዶ» ይሆናሉ።

እኛ ሁለቱንም እናረባለን፤ ተናግሬ፣ ተናግረህ፣ ተናግራ። እዚህ «አብላዶ» ንቅንቅ አይልም። ሴትም ተናገረች ወንድ ያው አብላዶ ነው። ስፔን ውስጥ ዛሬ ለሆነ ነገር «ኤ ኮሚዶ» ማለት ይቀናቸዋል፤ በላቲን አሜሪካ ብዙ ቦታ «ኮሚ´» ይበቃል።

ለ«እየተናገርኩ ነው» ደግሞ «ኤስቶይ አብላንዶ» ነው። ለሌሎቹ ኮሚዬንዶ፣ ቢቢዬንዶ።

7. ዘንድ አንቀጽ

ብዙዎች «ሱብኹንቲቦ» የሚለውን ስም ሲሰሙ ይሸሻሉ። «ቪቫ!» የሚለውን ጩኸት ያልሰማ ግን የለም። እሱ ራሱ ነው፤ ከቢቢር የመጣ፣ «ይኑር!» ማለት ነው። «ይኖራል» አይደለም፣ «ይኑር»።

የግዕዝ ግስ ያረባ ሰው ደግሞ ከዚህም በላይ ይቀለዋል፦ ይቀትል፣ ይገድላል፤ ይቅትል፣ ይገድል ዘንድ፤ ይቅትል፣ ይግደል። በግዕዝ ዘንድ አንቀጹና ትእዛዙ አንድ ቅርጽ ናቸው። በስፓኒሽም «አብሌ» ሁለቱንም ይሸከማል፣ «እንዲናገር»ንም «ይናገር»ንም።

አሠራሩ ቀላል ነው፦ ራብዑ ኃምስ፣ ኃምሱ ራብዕ ይሆናል። ቤት ይቀያየራሉ።

አብሌ፣ አብሌስ፣ አብሌ፣ አብሌሞስ፣ አብሌ´ይስ፣ አብሌን።
ኮማ፣ ኮማስ፣ ኮማ፣ ኮማሞስ፣ ኮማ´ይስ፣ ኮማን።
ቢባ፣ ቢባስ፣ ቢባ፣ ቢባሞስ፣ ቢባ´ይስ፣ ቢባን።

መቼ? አማርኛው «እንድ» ሲል በብዛት ትክክል ትመታላችሁ። «ኪዬሮ ኬ አብሌስ»፣ እንድትናገር እፈልጋለሁ። ከ«ኦኻላ´» በኋላም ይመጣል፤ ከዓረብኛ የገባ የምኞት ቃል ነው፣ «ምነው» ወይም «እግዜር ይበለውና» የምንልበት ቦታ ላይ ይቆማል። ገና ስላልሆነ ነገር «ስትናገር» ሲባልም «ኩዋንዶ አብሌስ» ነው፤ ይህኛው ከ«እንድ» ውጭ ስለሆነ ለብቻው ያዙት።

የኃላፊው ዘንድ የሚወለደው ከ«አብላሮን» (ተናገሩ) ነው። «ሮን»ን ቆርጣችሁ «ራ» አስገቡ፦ አብላራ፣ አብላራስ፣ አብላራ፣ አብላ´ራሞስ፣ አብላራይስ፣ አብላራን። ከኮሚዬሮን ኮሚዬራ፣ ከቢቢዬሮን ቢቢዬራ። በ«ራ» ፈንታ «ሴ» የሚልም አለ (አብላሴ)፤ ስታነቡ እወቁት፣ ለመናገር «ራ» ይበቃችኋል። ዋና ሥራው ከ«ሪ´ያ» ጋር መጣመር ነው፦ «ሲ አብላራ ኤስፓኞል፣ ትራባኻሪ´ያ አኪ´»፣ ስፓኒሽ ብናገር ኖሮ እዚህ እሠራ ነበር።

8. ትእዛዝ

አብላ (ተናገር፣ ተናገሪ)፣ አብሌ (ይናገሩ፣ ለእርስዎ)፣ አብሌሞስ (እንናገር)፣ አብላድ (ተናገሩ፣ ስፔን)፣ አብሌን (ተናገሩ፣ ኡስቴዴስ)። «ቦስ» ባዩ «አብላ´» ይላል።

አሉታው ላይ አማርኛ እንደገና ያግዘናል። «ተናገር» ብለን «አልተናገር» አንልም፤ «አትናገር» እንላለን፣ ቅርጹ ይቀየራል። እነሱም ትተው ወደ ዘንድ ይሄዳሉ፦ «ኖ አብሌስ»። «ኖ አብላ» ብትሉ «አይናገርም» ብላችኋል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ

ቡስካር (መፈለግ) ወደ ቡስኬ´፣ ፓጋር (መክፈል) ወደ ፓጌ´ ሲሄዱ በላቲኑ ፊደል አጻጻፋቸው ስለሚቀየር ሕግ የጣሱ ይመስላሉ። በእኛ ፊደል ጻፉትና እዩት፤ ካ ኬ ሆነ፣ ጋ ጌ ሆነ፣ ሌላ ምንም የለም። ፔንሳር (ማሰብ) ግን «ፒዬንሶ» ሲል ሥሩ ራሱ ይነቃነቃል፤ እሱ ሌላ ቀን ነው።

ሙከራ

መልሱን በእጃችሁ ሸፍናችሁ፣ ጣታችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ ሞክሩ።

ነገ እንናገራለን፦ አብላሬሞስ ማኛና።
አንቺ ተናግረሻል፦ አስ አብላዶ።
እንዳትናገሩ (ለኡስቴዴስ)፦ ኖ አብሌን።
እነሱ ቢናገሩ እናገር ነበር፦ ሲ አብላራን፣ አብላሪ´ያ።
እንዲበላ እፈልጋለሁ፦ ኪዬሮ ኬ ኮማ።
እሱ ከአለቃው ጋር ተነጋገረ፦ አብሎ´ ኮን ኤል ኼፌ።